ጥያቄ ቁጥር ሦስት

ጉዶ በረት ጧት ነው፤ ጉሙ አልተነሣም፤
መስኮቱ ማዳበሪያ ነው፤ ብርሃን አያስገባም።
መጽሐፉ አሥራ ስምንት፣ ልጆቹ ስልሳ አንድ፤
አራት ራስ ይደፋል አንዲት ገጽ ላይ ባንድ።
ገጽ ሃያ ሰባት። ምንባብ፦ «ገበሬው እና በሬው»።
ናደው እጁን ሰቅሏል፤ ሁሌም ቀዳሚ እሱ ነው።

    «ገበሬው በሬውን ገበያ ወስዶ ሸጠ።
    ማታ ቤቱ ገባ። ገመዱን ምሰሶ ላይ ሰቀለ።
    እራት ቀረበለት። አልበላም። ተኛ።»

እንዴት አድርጎ ይዘልቀዋል! ትንፋሽ አያጥረው፤
ወንዝ ነው ልጁ፣ ጠጠር እንኳ አያግደው።
አራት ነጥቡን ዘሎ፣ ነጠላ ሰረዙን ጥሶ፣
ከላይ እስከ ታች ወርዶ ተቀመጠ መልሶ።
«ጎበዝ» አልኩ። አጨበጨቡ።
«ጥያቄ ቁጥር ሦስት። ገበሬው እራቱን ለምን አልበላም?»

ናደው ጣሪያውን አየ። አየ የፊደል ገበታውን።
እንደገና አነበበልኝ ከላይ ጀምሮ ሁሉን፣
ከቅድሙ ፈጠን ብሎ።
«ለምን?» አልኩት።
«አልበላም። ተኛ።» አለኝ።

አልፈረድኩበትም።
እኔም በሱ ዕድሜ፣ መንዝ አጎቴ ዘንድ ሳለሁ፣
አንድ ቃል ሳይገባኝ ዳዊት ደግሜያለሁ፤
ጎረቤት በአጥር ሰምቶ «አንበሳ!» ሲለኝ
እውነትም የገባኝ፣ እውነትም ያወቅሁ መሰለኝ።

ከኋላ፣ በሩ ጋ፣ ብርድ ከሚገባበት፣
ሽታዬ ተነሣች ማንም ሳይጠራት።
ሽታዬ ስታነብ ፊደል በፊደል ነው፤
«ገ» ብላ ትቆማለች፣ «በ» ብላ ታርፋለች፣
«ሬ» እስክትል ድረስ አጠገቧ ያለው ያዛጋል።
አስነሥቻት አላውቅም።
ክፍለ ጊዜው አርባ ደቂቃ ነው።

«ገመዱን...» አለች።
«ምን ሆነ ገመዱ?»
«ይዞት ተመለሰ።»
«እሺ?»
«ሲሄድ ጫፉ ላይ በሬ ነበረ።»
«እና?»
«እና እራት ሊበላ ነው?»

ክፍሉ ሳቀ።
እኔም የመምህሩን መምሪያ ገልጬ፣ በጣቴ ጠቁሜ፣
«መልሱ ስለደከመው ነው፤ ጻፉ» አልኩ ቆሜ።
ስልሳ አንድ እርሳስ «ስለደከመው» ብሎ ጻፈ።
የሷም፣ ከሁሉ ዘግይቶ፣ ግን ጻፈ።

ማታ ከጣርማ በር የመጣ ነፋስ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
ብርድ ልብስ ተከናንቤ በስልኬ መብራት ሳነብ፣
ሰባት ዓመት ያስተማርኳትን ያችን ሦስት መስመር፣
«ደከመው» የሚል ፈለግሁ። የትም አልነበር።
ማን ነገረኝ ታዲያ?
መምሪያው። መምሪያውንስ ማን ነገረው?

ገመዱ ግን አለ። ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ፣
ሰባት ዓመት ሙሉ ፊቴ ተንጠልጥሎ፤
አንገቴን ዝቅ አድርጌ በሥሩ ሳልፍ ኖሬአለሁ።

ጧት ሰሌዳው ላይ «የትናንቱ መልስ የኔ ስሕተት ነው» አልኩ።
ስልሳ ልጅ ላጲስ ተዋዋሰ፤ ፋቀ፤
አንዳንዱ ወረቀቱን ጨምሮ ፋቀ።
ሽታዬ አልፋቀችም። እጇን ከብብቷ አወጣች፦
«ቲቸር፣ የበሬው ስም ማነው?»

መጽሐፉ አይልም። መምሪያውም።
«ቦራ ነው» አለ አንዱ። «ዳለቻ ነው እንጂ» አለች ሌላዋ።
«ሲሸጡትስ» አለ አንድ ድምፅ ከመስኮቱ ሥር፣
«ስሙን ለገዢው ይነግሩታል?»
ይህን ጥያቄ ቁጥር ስንት እንደምለው አላወቅሁም።

ናደው ዝም ብሎ ነበር። ኋላ ግን ተነሥቶ
«ልድገመው?» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
«ድገመው።»

    «ገበሬው በሬውን ገበያ ወስዶ ሸጠ።
    ማታ ቤቱ ገባ።
    ገመዱን...»

እዚያ ላይ ቆመ።
ጠበቅሁት።
ከአርባው ደቂቃ ስንት እንደቀረ አላየሁም።